መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ጥሎሽ

ኦሞድ ዋሽቶ አያውቅም ባይባልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው በመናገር ሳይሆን ዝም በማለት ነው። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ከሚጭኑትና ከሚያወርዱት ልጆች አንዱ ነው። አለቃው «ኦቾሎኒዬን ማነው የጨረሰብኝ?» ብሎ ሲጮህ ኦሞድ አንገቱን ቀና ያደርግና ገና ከአዲስ አበባ ያልተነሳ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ይፈልጋል። ይህ ጠባዩ ጎድቶት አያውቅም ነበር። አሁን ግን ዝምታው ሚስት ሊያሳጣው ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባንግ ጋር ሊጋቡ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። አባንግ ድልድዩ አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሳል የያዘውን ሽማግሌ ሽሮፑን ከመስጠቷ በፊት የምታስቅ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት አጎቷ ኦቹዶ ነው፤ አቦቦ ላይ በቆሎ ያርሳል። እሱ እሺ ካላለ ፓስተሩም አያጋባቸውም፣ አባንግም ከቤቷ አትነሳም። ኦቹዶ ባለፈው ወር ኦሞድ ቤት መጥቶ፣ የቀረበለትን ለስላሳ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥቶ፣ ጠርሙሱን መሬት ካስቀመጠ በኋላ ቃሉን ተናገረ።

«ብር አልፈልግም።»

የኦሞድ እናት ልቧ ቀለል አላት። ቸኩላ ነበር።

«ድሙይ ነው የምፈልገው» አለ ኦቹዶ። «የአባንግ እናት የመጣችው በድሙይ ነው። የእኔም እናት እንደዚያው። አባንግ በቴሌብር አትሄድም።»

ድሙይ የጥንት ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ ነው፤ በክር ተሰክቶ ከሙሽራው ቤት ወደ ሙሽሪት ቤት ይሄዳል። እዚያም አይቀመጥም። የሙሽሪት ወንድም ሚስት ሲያገባ ያንኑ ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይወስደዋል። እንዲህ እያለ አገሩን ሲዞር ይኖራል። ዛሬ ዛሬ ብዙ የአኙዋ ቤተሰብ በብር ይጨርሳል፤ ድሙይ ያለው ሰው እየጠፋ ነውና። ኦቹዶ ግን ከሚጠፉት ነገሮች ጋር ነው የሚወግነው።

«ቤታችሁ ድሙይ አለ?»

«አለን» አለ ኦሞድ። ይህ እውነት ነው።

«አምጣውና ልየው።»

«እኔ ከማመጣው እርስዎ ሄደው ቢያዩት ይሻላል። ጥበቃ አለው።»

«ጥበቃ? የማን ጥበቃ?»

«የመንግሥት።»

ይህም እውነት ነው። ያልተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሟቹ አያቱ ኡጁሉ ያንን ድሙይ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ የባህል ቀን ላይ በጭብጨባ መካከል ለከተማዋ ሙዚየም አስረክበውታል። ኦቹዶ ግን አቦቦ ተመልሶ፣ የወንድሙ ልጅ ዶቃቸውን መንግሥት በዘበኛ ወደሚጠብቅላቸው ቤተሰብ ልትገባ መሆኗን ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኦሞድ፣ አባንግና ኦቹዶ ሙዚየሙ በር ላይ ከባጃጅ ወረዱ። ኦቹዶ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል፤ በዚያ ሙቀት። አባንግ ነገሩን ከሥሩ ታውቃለች። ስታውቅም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እጮኛዋ ከዚህ ጉድጓድ እንዴት እንደሚወጣ ማየት አምሯት ነው የመጣችው።

ሙዚየሙ ባሮ ዳር፣ ከማንጎ ዛፎች ሥር፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ነው። ኦቹዶ ቤቱን ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ አየው።

«የእናንተ ነው?»

«የሕዝብ ነው» አለ ኦሞድ።

«ተከራይታችሁ ነው?»

ኦሞድ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን አየ።

በሩ ላይ ሺታዬ የምትባል ሴት ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ትኬት ቆራጭም፣ አስጎብኚም፣ ጠባቂም፣ ጠራጊም እሷ ናት። «ሃያ ሃያ ብር» አለች። «መንካት ክልክል ነው። መስታወት ላይ መደገፍ ክልክል ነው። ፎቶ ክልክል ነው።»

ኦቹዶ ወደ ኦሞድ ዞረ። «የገዛ ዶቃህን ለማየት ትኬት ትቆርጣለህ?»

«ለጥበቃው ነው» አለ ኦሞድ።

ኦቹዶ ሺታዬን አተኩሮ አያት። «የገሠሠ ልጅ አይደለሽም? የአቦቦው?»

«ነኝ። እርስዎስ?»

«ኦቹዶ ነኝ፤ ማሳችን ይዋሰናል። አባትሽ ‹ድንበር አትርገጡ› እያለ ሠላሳ ዓመት ጮኸብን። አንቺ ደግሞ መስታወት አትርገጡ ትይናለሽ።»

«አትንኩ ነው ያልኩት፣ አባቴ» አለች ሺታዬ እየሳቀች። ትኬቱን ግን ቆረጠች።

ኦሞድ ያሰበው እንዲህ ነበር፤ ሽማግሌው ሌላ ሌላውን ሲጎበኝ ይለሰልሳል፣ ድሙዩ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይገለጥለታል፣ ያዝናል፣ ከዚያም በብር ይስማማል። ኦቹዶ ግን ለመጎብኘት ሳይሆን ለመመርመር የመጣ ሰው ሆነ። የድሮ መርከቦችን ፎቶ አይቶ «አባቴ ጆንያ የተሸከመው ለዚህኛው ነው፤ ያቺ ጭሷ የበዛው ደግሞ የወንዙን ዓሣ አባራ ነበር» አለ። የዓሣ ጦሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ማን አቆመው?»

«እኔ» አለች ሺታዬ።

«ተገልብጧል። እንዲህ ከተያዘ ዓሣው ነው ሰውየውን የሚይዘው።»

ሺታዬ ፊቷ ቀላ። ሆኖም ከኪሷ ማስታወሻ ደብተር አወጣችና ጫር ጫር አደረገች። ቀና ስትል ኦቹዶ ከግድግዳው ሥር ባለ በርጩማ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ኧረ ይነሱ አባቴ! ቅርስ እኮ ነው!»

«በርጩማ ነው።»

«ስድሳ ዓመት የሆነው በርጩማ ነው!»

«እኔ ሰባ ሦስት ነኝ» አለ ኦቹዶ ሳይነሳ። «ማን ማንን ነው መጠበቅ ያለበት?»

አባንግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ኦሞድ ሽማግሌውን ክንዱን ይዞ አስነሳውና፣ ከዚህ በላይ መዘግየት እንደማይጠቅም ስላወቀ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው የመስታወት ሳጥን ወሰደው።

ሰማያዊው ድሙይ በነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ የቆመችው ካርቶን «የአንገት ጌጥ (ድሙይ)። ዘመኑ ያልታወቀ። ከአቶ ኡጁሉ የተገኘ» ትላለች። አባንግ አነበበችለት።

ኦቹዶ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ትንፋሹ መስታወቱን እስኪያደበዝዘው ድረስ ተጠጋ።

«ዘመኑ ያልታወቀ?» አለ በመጨረሻ። «ለማን ነው ያልታወቀው? ይህን እኔ አውቀዋለሁ። መሀል ላይ ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት አለች፤ እሷን እያት። አክስቴ አሪየት ስትዳር ወደ እኛ ቤት የመጣው ይሄ ነው። አጎቴ ሚስት ሲያገባበት ወደ ኢታንግ ሄደ። ኢታንግ ያሉት ደግሞ የኡጁሉን እህት ሲያገቡ ለኡጁሉ ሰጡት። ሦስት ሴት ድሯል። ዘመኑ አልታወቀም ይላሉ!»

የሺታዬ እስክሪብቶ ደብተሯ ላይ እየሮጠ ነው። «ቀስ ይበሉ አባቴ። አሪየት፣ ቀጥሎ ኢታንግ…»

«አሁን ክፈቺው።»

«ምኑን?»

«ሳጥኑን። ልጁ ሊሰጠኝ ነው። ይዤው አቦቦ እገባለሁ።»

ሺታዬ እስክሪብቶዋን አቆመች። ወደ ኦሞድ ዞረች። ኦሞድ ወደ ጣሪያው አየ፤ ጣሪያው ላይ እንሽላሊት እንጂ አውሮፕላን የለም። ሁለቱም የሚጠብቁት እሱን ነው፤ አባንግም እየጠበቀች ነው፤ እሷ ስትጠብቅ ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም።

«አባባ» አለ። «ድሙዩ የእኛ ነው። ግን ከዚህ አይወጣም። አያቴ ናቸው የሰጡት። ቀደም ብዬ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ ፈራሁ።»

«አይወጣም ማለት?»

«ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይወጣም» አለች ሺታዬ። «ኮሚቴው ደግሞ ከተሰበሰበ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ኦቹዶ ኦሞድን ከእግሩ እስከ ራሱ መዘነው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ጥሩ ነው። የተሰጠኝን አየሁ። አሁን እኔም እንደዚሁ እሰጥሃለሁ። አባንግን አቦቦ ቤቴ መስታወት ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ። እኔ በሩ ላይ ትኬት እቆርጥልሃለሁ። ታያታለህ፤ መንካት ክልክል ነው፤ መስታወቱ ላይ መደገፍ ክልክል ነው። ስድስት ተኩል ሲሆን ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

«እሁድስ?» አለች አባንግ።

«እሁድ ዝግ ነው።»

ሺታዬ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በደብተሯ ሸፈነች። ኦሞድ ግን አልሳቀም። ሽማግሌው እየቀለደ ቢሆንም ቀልዱ ሲያልቅ ኮቱን እንደቆለፈ ወደ መናኸሪያ እንደሚሄድ፣ ሦስት ሳምንት የቀረው ሠርግም እንደዚያ ኮሚቴ ስብሰባ ሳይደረግ እንደሚቀር ገብቶታል።

«እንዴት ነው አያቴ የሰጡት?» ብሎ ሺታዬን ጠየቃት። «ወረቀት አለው?»

ወረቀት የሚለው ቃል ሺታዬን የሚያስደስታት ቃል ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር ምስጥ የቀመሰው መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በጣቷ ወረደች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች። «ፎርሙ ላይ ‹ስጦታ› የሚለው ተሰርዟል። በላዩ ላይ ‹አደራ› ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የአቶ ኡጁሉ የጣት አሻራ አለ።»

«ጭብጨባውን ተቀብሎ ዶቃውን አልሰጠም?» አለ ኦቹዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «እሱ ሰው ነበር!»

ኦሞድ አያቱን አስታወሰ፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ በፎቶ ላይ ሁሌም ወደ ሌላ ቦታ የሚያዩ ሰው። ጠባዩ ከማን እንደመጣ ገባው።

«እንግዲያው የእኛ ነው ማለት ነው?»

«ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ። ጠባቂው ሙዚየሙ ነው» አለች ሺታዬ። «ከክፍሉ ለማውጣት ግን ያው ኮሚቴው ያስፈልጋል።»

ኦቹዶ ፊቱ መልሶ ጨለመ። ይህን ጊዜ አባንግ ከግድግዳው ተላቃ መጣችና አጎቷ ፊት ቆመች።

«አጎቴ፣ ድሙዩን አቦቦ ብትወስደው የት ታስቀምጠዋለህ?»

«አልጋዬ ሥር። እንስራ ውስጥ። ክዳኑን አስሬ።»

«ማን ያየዋል?»

«ማንም።»

«የፈለገ ሰው ልንካው ቢልህስ?»

«ጣቱን እሰብረዋለሁ!»

«ታዲያ ከዚህኛው በምን ይለያል?»

«የእኔ መሆኑ ነዋ!» አለ ኦቹዶ። «ሰው ሁሉ የኦቹዶ ነው ይላል። እዚህ የማን ተብሏል? የኡጁሉ። ካርቶኑ ላይ አንብበሽልኛል!»

አባንግ ካርቶኑን አየች። ኦሞድም ካርቶኑን አየ። ሺታዬ ሁለቱንም አየችና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«አይሆንም» አለች።

«ገና ምንም አላልንም» አለ ኦሞድ።

«ገብቶኛል። ካርቶኑን ቀይሪ ልትሉኝ ነው።»

«አይቻልም?»

ሺታዬ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። ሕግ የሚያከብር ሰው ችግሩ፣ ሕጉ ሲፈቅድም ማክበር ያለበት መሆኑ ነው። «ካርቶን መጻፍ የእኔ ሥራ ነው» አለች እያዘነች። «የባለቤትነት ዝውውር ደግሞ… ባለቤቱ ፈርሞ፣ ተቀባዩ ፈርሞ፣ ምስክር ካለ… አይከለክልም። ዕቃው ከቦታው እስካልተነሳ ድረስ።»

ኦቹዶ ጢሙን አሻሸ። ያሰበበት ይመስላል፤ ግን እሺ ከማለት በፊት መከራከር ለእሱ የአክብሮት ጉዳይ ነው።

«የስሜ ፊደል ትልቅ ይሁን።»

«እሺ።»

«ከኡጁሉ ስም ይበልጥ።»

«አባቴ፣ ካርቶኑ አንድ ነው!»

«ያለ ትኬት እገባለሁ።»

«ባለንብረት አይከፍልም» አለች ሺታዬ።

«ጥሩ። አንድ ነገር ቀርቷል። ድሙይ በዓይን አይተላለፍም። በእጅ ነው።»

«መንካት ክልክል ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። ጎብኚ አይነካም።»

«ካልነካሁ አልቀበልም።»

«ካልተቀበሉ ባለቤት አይደሉም፤ ባለቤት ካልሆኑ አይነኩም።»

ሁለቱ ተፋጠጡ። አቦቦ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየው የድንበር ጭቅጭቅ በዚህች ክፍል ውስጥ እንደገና ሊጀመር ሆነ። ኦሞድ እጁን እንደ ተማሪ አነሳ።

«እኔ አሁን ባለቤት ነኝ አይደል?»

«ወራሽ ከሆንክ፣ አዎ።»

«እኔ መንካት እችላለሁ?»

«ትችላለህ።»

«እኔ አንስቼ ለእሳቸው ልስጥ። እጃቸው ላይ ሲያርፍ ተቀብለዋል፤ ከተቀበሉ ባለቤት ናቸው፤ ባለቤት ከሆኑ ይነካሉ። ከዚያ በፊት አልነኩም፤ ከዚያ በኋላ ጎብኚ አይደሉም።»

ሺታዬ በዚህ ነገር ውስጥ ቀዳዳ ፈለገች። አጣች። ከአንገቷ ላይ ቁልፍ አወጣች። «ምስክሩ እኔ ነኝ» አለች። «እጃችሁን ታጠቡ።»

ከበሩ ውጭ ካለው ቧንቧ ታጥበው ገቡ። ሳጥኑ ሲከፈት የአሮጌ ጨርቅና የአቧራ ሽታ ወጣ። ኦሞድ ድሙዩን በሁለት እጁ አነሳው፤ ካሰበው በላይ ከባድና ቀዝቃዛ ነው። ዝቅ ብሎ ለኦቹዶ አቀረበ። ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀበለ፣ የተሸረፈችውን ዶቃ በአውራ ጣቱ ፈልጎ አገኛት፣ ከዚያም ሺታዬ «ኧረ!» ከማለቷ በፊት አፉ ውስጥ ከትቶ በጥርሱ ነካ ነካ አደረጋት።

«ፕላስቲክ አይደለም» አለ።

«አባቴ፣ ቅርስ አይበላም!»

«ንብረቴ ነው፤ ብበላውስ?» አለና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። «በብርሃን ልየው።»

ሺታዬ እንደዚህ ያለ ፍጥነት እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር። በሩ ላይ ቀድማው ደርሳ፣ እጆቿን ሁለቱ መቃኖች ላይ ዘርግታ ቆመች። «ባለንብረቱ ይወጣል፤ ንብረቱ ይቀራል።»

«ሁለት እርምጃ ብቻ።»

«ግማሽም።»

«የአባትሽ ልጅ ነሽ።»

«ነኝ።»

ኦቹዶ ድሙዩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በመስኮቱ በኩል በገባው ብርሃን አየው። ሰማያዊው ቀለም ኮቱ ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ረጅም ጊዜ አየው። ሽማግሌው ወደ በሩም፣ ወደ ሳጥኑም የመሄድ መብት እንዳለው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከሺታዬ ጋር መታገል የሚቻል ቢመስለው ኖሮ ወደ በሩ ይሄድ እንደነበርም ይነበባል። በመጨረሻ ተመልሶ ሄደና በነጩ ጨርቅ ላይ ራሱ አጋደመው፤ የተሸረፈችውን ዶቃ ሁሉም እንዲያያት ወደ ላይ አዞራት። የኮቱን ቁልፍ ፈታ።

«ኦሞድ» አለ። «ሸውደኸኛል።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሳትዋሽ ነው የሸወድከኝ። ይህ ከውሸት ይከፋል። ግን ስትጠየቅ ተናግረሃል፣ ጥፋቱንም በሌላ ሰው አላሳበብክም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። አባንግ፣ እሺ ነሽ?»

«መስታወት ከማስገባት ይሻላል» አለች አባንግ። ከዚያ ፊቷን ወደ መርከቦቹ ፎቶ አዞረች፤ ኦሞድ ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም፤ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች ነው። አጠገቧ ሄዶ ቆመ። ምንም አላለም፤ ይህኛውን ዝምታ ማንም አልተቆጣበትም።

ሺታዬ መዝገቡ ላይ አስፈረመቻቸው። ከዚያ አዲስ ካርቶን ቆርጣ፣ ወፍራም ማርከር አንስታ፣ ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ድሙይ። አሪየት የተዳረችበት። ቀጥሎ በኢታንግ…» ሦስቱን ጋብቻ በሥርዓቱ ጻፈች፤ አራተኛ መስመር ላይ አባንግንና ኦሞድን ጨመረች። መጨረሻ ላይ «ባለቤት፦» የሚለው ጋ ደረሰች።

ኦቹዶ በዚህ ጊዜ ስልክ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እንደ ገጠር ሰው ሁሉ በስልክ ሲያወራ ሩቅ ላለው ሰው ራሱ በድምፁ የሚደርስ ይመስለዋል።

«አዎ! ኦቹዶ ነኝ! ስለ ልጄ ስለ ጀምስ ነው፤ ልጅህን ወዷታል፣ ታውቃለህ… አዎ! ብር አልፈልግም አላልክም? ድሙይ አለኝ! ዛሬ ነው የገባልኝ!… አይ፣ እኔ አላመጣም፤ አንተ ና! ቅዳሜ! ጋምቤላ! ንጹህ ልብስ ልበስ፣ ሰዎቹ ጥንቁቆች ናቸው!»

ሺታዬ የሚባለውን ሁሉ ሰማች። የጻፈችውን መስመር አየች፤ ያላለቀውን «ባለቤት፦» አየች፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ሽማግሌ አየች። ማርከሩን ከደነችና መሳቢያዋን ከፍታ መፈለግ ያዘች።

«ምን ጠፋ?» አለ ኦሞድ።

«እርሳስ» አለች። አገኘችና ጫፉን በምላሷ አርጥባ፣ ከኡጁሉ ስም የሚበልጥ ትልቅ ፊደል አድርጋ፣ ግን ሳትጫን ቀስ ብላ ጻፈች፦ «አቶ ኦቹዶ።»